ሆድ ያልፈጀው፦ ዶልፊን ምን በላ ብሎ መጠየቅ ለሐዋሳ ምኗ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነበርኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ መረቡ እየተራገፈ ነው። አባ ኮዳዎቹ እንደ ልማዳቸው ከሰው እግር ሥር አይጠፉም። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ቢላቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ሆዱን ይቀድዳሉ፣ የሆድ ዕቃውን መንጭቀው ወደ ኋላ ይወረውራሉ። መሬት ሳይነካ ወፎቹ ይቀልቡታል።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አጠገቤ ቆመው ነበር። የሌሊቱ ምርት አላስደሰታቸውም። ውሃው ላይ የተንሳፈፉትንና እየጠለቁ የሚወጡትን ወፎች በአገጫቸው እያመለከቱ "እነዚህ ናቸው የጨረሱን" አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ንግግራቸው ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ይህንኑ ቃል የሚናገሩ ዓሣ አጥማጆች በብዙ አገር አሉና። የባሕሮቹ ሰዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት ግን ዶልፊን ላይ ነው።

በጃፓን ኢኪ በምትባል ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ዓሣ አጥማጆች "ምርታችንን በሉብን" ብለው ዶልፊኖችን በመቶዎች እየከበቡ ገድለዋል። በሜዲትራንያን ዳርቻም ዶልፊን ገድሎ ለመጣ ሰው መንግሥት ገንዘብ የሚከፍልበት ዘመን ነበር። ፍርዱ ከምርመራው ቀደመ። ዶልፊኖቹ የሚበሉት ዓሣና ሰው ገበያ የሚያወጣው ዓሣ አንድ ነው ወይ? መጠኑስ? ወቅቱስ? ይህን አጣርቶ የሚመልስ ሰው ሳይኖር ደም ፈሰሰ።

እዚህ ላይ የኔን አቋም ልናገር። ማን ዓሣውን ጨረሰ ከማለታችን በፊት ማን ምን በላ ብለን መጠየቅ አለብን። የባሕር ዳርቻ ዶልፊኖችን ምግብ የሚያጠኑ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ብዙ አሥርት ዓመታት ሰጥተዋል። ያገኙትን ሳነብ ደጋግሜ የማስበው የራሳችንን ሐይቅ ነው።

በመጀመሪያ ስለ እንስሳው ትንሽ ልበል። ዶልፊን ዓሣ አይደለም። አየር ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። ደመ ሞቃት ስለሆነም ብዙ መብላት አለበት። በብዛት የሚታወቀው አፉ ጠርሙስ የሚመስለው ዶልፊን በቀን ከክብደቱ ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆን ምግብ ይፈልጋል። 200 ኪሎ የሚመዝን አንዱ በቀን ከ8 እስከ 12 ኪሎ ዓሣ ይውጣል ማለት ነው። "ይውጣል" ያልኩት በምክንያት ነው። ጥርሱ ሹልና ክብ ነው፤ ለመያዝ እንጂ ለማኘክ አልተሠራም። ዓሣውን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ይሰለቅጠዋል። ይህ ልማዱ ለተመራማሪ ትልቅ ስጦታ ነው።

እኛ የማይነገር ነገር ሲገጥመን "ሆድ ይፍጀው" እንላለን። የዶልፊን ሆድ ግን ሁሉንም አይፈጅም። ጨጓራው ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ማከማቻ ነው፤ የተዋጠው ዓሣ መጀመሪያ እዚያ ይቆያል። ሥጋው ቶሎ ይሟሟል። የሚቀረው ጠንካራው ነው፦ አጥንት፣ ስኩዊድ የሚባለው ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ ምንቃር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዓሣ የጆሮ ድንጋይ።

የጆሮ ድንጋይ ስል የማያምን ሰው አይጠፋም። እኔም በዓይኔ ማየት ስለፈለግሁ ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች አንዱን ለመንኩት። "ወንድሜ፣ የዚህን ቆሮሶ ጭንቅላት ለሁለት ክፈልልኝ።" "ለሾርባ ነው ጋሼ?" አለኝ። አይደለም አልኩት። በቢላው አናቱን ሰነጠቀው። ከአንጎሉ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጫጭ ነገሮች ተሸጉጠዋል። በጥፍሬ አወጣኋቸው። ከምስር ፍሬ ተለቅ ይላሉ፤ ጠርዛቸው ሸርከት ሸርከት ያለ ነው። ታጥበው መዳፍ ላይ ሲቀመጡ እንደ ጥርስ ያበራሉ። ልጁ "ስንት ዓመት ዓሣ ሳጸዳ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም" አለኝ።

ዓሣ በእነዚህ ድንጋዮች ይሰማል፣ ሚዛኑንም ይጠብቃል። ቅርጻቸው እንደየዝርያው ይለያያል። የቆሮሶው ከአምባዛው አይመሳሰልም። ዓሣው ሲያድግ ድንጋዩም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ከዶልፊን ጨጓራ ሲገኝ ዓሣው ምን ዓይነት እንደነበር ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ርዝመት እንደነበረውም መገመት ይቻላል። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ስላለውም ብዙ ጊዜ ዕድሜው ይነበባል።

ከእኛ ብዙም በማይርቀው የዛንዚባር ዳርቻ የተደረገው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 ባሉት ጊዜያት በዓሣ መረብ ሳይታሰብ ተይዘው የሞቱ የ26 ዶልፊኖች ጨጓራ ተመረመረ። 50 የአጥንታም ዓሣ ዝርያዎችና 3 የስኩዊድ ዓይነቶች ተገኙ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው "ያገኙትን ሁሉ የሚበሉ ናቸው" ሊል ይችላል። ድንጋዮቹ ተቆጥረው ሲመዘኑ ግን ዋና ምግብ ሆነው የተገኙት 5 የዓሣ ዝርያዎችና ስኩዊዶቹ ብቻ ናቸው። በጎለመሱት ዶልፊኖች ሆድ አንደኛ የወጣው ደግሞ አሸዋና ጭቃ ውስጥ የሚኖር እባብ መሰል ዓሣ ነው። ዶልፊኖቹ ከኮራል ድንጋዩ አካባቢ በተጨማሪ ለስላሳው የባሕር ወለል ላይም እንደሚያድኑ የታወቀው በዚህ ነው። ይህን ለማወቅ ጠልቆ ማየት አላስፈለገም። ሆዳቸው ነው የተናገረው።

ይሁንና ሆድ ሁልጊዜ እውነቱን በሙሉ አይናገርም። ይህ ክፍል ለኔ ከሁሉ የሚማርከኝ ነው።

አንደኛ፣ ጨጓራውን የምታየው እንስሳው ሲሞት ነው። ዳርቻ ላይ ወድቆ የተገኘ ዶልፊን ታሞ ሊሆን ይችላል። የታመመ ደግሞ የሚበላው እንደ ጤነኛው አይደለም። በመረብ የሞተውም የመጨረሻ እራቱ መረቡ አጠገብ ያገኘው ዓሣ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ትናንሽ የጆሮ ድንጋዮች በጨጓራ አሲድ ቶሎ ይሟሟሉ። የስኩዊድ ምንቃር ግን አይፈጭም፤ ለብዙ ቀን ይከማቻል። ስለዚህ ጨጓራን ብቻ ያመነ ሰው ስኩዊዱን አብዝቶ፣ ትናንሽ ዓሦችን አሳንሶ ይቆጥራል።

ሦስተኛው ምክንያት አምባዛ ለሚበላ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚኖሩ ዶልፊኖች የአምባዛን ዘመድ የባሕር ዓሣ ይበላሉ። ይህ ዓሣ ጭንቅላቱ አጠገብ ሹል እሾህ አለው። ከተዋጠ አንጀት ይበሳል፤ ሊገድልም ይችላል። ታዲያ ዶልፊኖቹ ምን ያደርጋሉ? ጭንቅላቱን ገንጥለው ይጥሉና ከወገቡ በታች ያለውን ይበላሉ። የተጣሉት ጭንቅላቶች ውሃ ላይ ሲንሳፈፉ ተገኝተዋል። ልብ በሉ፣ የጆሮ ድንጋዩ ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጨጓራውን ብትከፍተው ከዚያ ምግብ ድንጋይ አታገኝም።

እናም ሌላ ምስክር ተፈለገ። የተገኘው ቆዳውና ጥርሱ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምግብና በሰውነት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን የሚባል ንጥረ ነገር ቀላልና ከበድ ያለ ዓይነት አለው። አንድ እንስሳ ሌላውን በበላ ቁጥር ሰውነቱ ቀላሉን በሽንት እያስወገደ ከበድ ያለውን ያስቀራል። ከሣር በሊታ ወደ ሥጋ በሊታ አንድ ደረጃ በወጣን ቁጥር የከባዱ ድርሻ ከሺህ ከ3 እስከ 4 ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ከአንድ ዶልፊን ቆዳ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ሲለካ በምግብ ሰንሰለቱ ላይ የት እንደተቀመጠ ይታወቃል። ካርቦንም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት አለው። እሱ የሚናገረው ቦታውን ነው፦ ምግቡ የመጣው ከዳርቻው የባሕር ሣር ነው ወይስ ከጥልቁ ባሕር? ቆዳ የቅርብ ሳምንታትንና ወራትን ይናገራል። ጥርስ ግን በየዓመቱ ቀለበት እየጨመረ ስለሚያድግ ከእናት ጡት ጀምሮ ያለውን ታሪክ ይዞ ይቀመጣል። በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ የቆየ የዶልፊን ጥርስ ዛሬም ይጠየቃል፤ ይመልሳልም።

የቆዳው ቁራጭ የሚወሰደው ጫፏ ትንሽ ቀዳዳ ባላት ቀስት ነው። እንስሳው አይሞትም። በዚያው ቀስት ከቆዳው ሥር ያለው ስብም ይወጣል። ስቡ ውስጥ ያሉት ቅባቶች ከተበሉት ዓሦች የመጡ ስለሆኑ እነሱም ምስክር ናቸው።

በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ የተገኘው ነገር ይህን ዘዴ በጣም አስከበረው። እዚያ ያሉ አንዳንድ ዶልፊኖች ከባሕር ወለል ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ነቅለው አፍንጫቸው ላይ ያጠልቃሉ። ልክ የጋለ ድስት ለማውጣት ጨርቅ እንደምንይዘው ማለት ነው። በስፖንጁ እየተከላከሉ ሻካራውን ወለል ይቆፍሩና አሸዋ ውስጥ የተደበቀውን ዓሣ ያስነሳሉ። ዶልፊን ድምፅ ልኮ በሚመለስለት ማሚቶ ያያል፤ ታዲያ ለምን ይቆፍራል? የተደበቀው ዓሣ የአየር ከረጢት የለውም። የአየር ከረጢት የሌለው ዓሣ ደግሞ ጥሩ ማሚቶ አይመልስም። ስለዚህ በአፍንጫ መቆፈር ግድ ይላል። ሙያው በአብዛኛው ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ እንደ እንጀራ ጋገራ። የስባቸው ቅባት ሲመረመር ስፖንጅ የሚይዙትና የማይዙት የሚበሉት የተለያየ ሆኖ ተገኘ። አንድ ባሕር፣ አንድ ዝርያ፣ ሁለት ማዕድ።

በፍሎሪዳ ሳራሶታ ደግሞ ከ1970 ጀምሮ የአንድ አካባቢ ዶልፊኖች ትውልድ እየቆጠሩ ሲጠኑ ኖረዋል። እዚያ የታየው ዶልፊኖቹ ድምፅ የሚያወጡ ዓሦችን አብልጠው እንደሚበሉ ነው። ተመራማሪዎች የዓሦቹን ድምፅ ቀርጸው ውሃ ውስጥ በድምፅ ማጉያ አሰሙ። ዶልፊኖቹ ወደ ድምፁ ዞሩ። ለካ በማሚቶ ብቻ ሳይሆን ዝም ብለው በማዳመጥም ያድናሉ። ይህ ነገር የሞተር ጀልባ ጩኸትን በሌላ ዓይን እንዳይ አድርጎኛል። ጫጫታ ለእነሱ ረብሻ ብቻ አይደለም። ምሳቸውን ይደብቅባቸዋል።

ዓይነ ምድርም ይጠናል። ውስጡ የተበላው ዓሣ ዲ ኤን ኤ ይገኛል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ተከር የሚባል ውሻ ጀልባ አፍንጫ ላይ ቆሞ የኦርካን ዓይነ ምድር በማሽተት ሲያስገኝ ቆይቷል። ኦርካ የዶልፊን ቤተሰብ ትልቁ አባል ነው። እነዚያ ኦርካዎች ቺኑክ የሚባለውን የሳልሞን ዓሣ ከሌላው ሁሉ እንደሚመርጡ የታወቀው በእንዲህ ያለ ልፋት ነው። ቺኑክ ሲያንስ እነሱም ይቸገራሉ። እንስሳውን ጠብቁ ማለት ዓሣውን ጠብቁ ማለት ሆነ።

ለባሕር ዳርቻ ዶልፊን ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ጀርባው ጉብ ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ዶልፊን ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻና በቀይ ባሕር በኩል እስከ ሕንድ ድረስ ይገኛል። ከዳርቻው ብዙም አይርቅም፤ ጥልቀቱ ከ25 ሜትር በታች የሆነ ውሃ ይመርጣል። የሰው ወደብ፣ የሰው ፍሳሽ፣ የሰው መረብም ያለው እዚያው ነው። በደቡብ አፍሪካ የቀሩት ከ500 እንደሚያንሱ ይገመታል። ምግቡ ከዚያ ቀጭን የዳርቻ መስመር ከጠፋ ወደ ጥልቁ ሄዶ አይተርፍም።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልመለስ። እዚህ ዶልፊን የለም። ጥያቄውና መሣሪያው ግን አለ።

የሐዋሳ ሐይቅ 6 የዓሣ ዝርያዎች አሉት። ገበያ የሚወጡት ሦስቱ ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ባርበስ የሚባለው ዓሣ። የቀሩት ሦስቱ ጣት የሚያክሉ ናቸው፤ ማንም አይፈልጋቸውም። ቆሮሶ በዋነኝነት የሚበላው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ጥቃቅን ዕፅዋት ነው። አምባዛ ያገኘውን ይበላል፤ ዓሣም ጭምር። የአምባዛ ጨጓራ እዚሁ ከተማ ባሉ ምሁራን ከዓመታት በፊት ተጠንቷል። ባርበስ ግን ታሪኩ ለየት ይላል። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት በታተመ ጥናት የዚህ ሐይቅ ባርበሶች ናይትሮጅን እንደ ዶልፊኖቹ ተለካ። ከዚያው ጋር በሥጋቸው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት ተለካ። ዝርያው አንድ ሆኖ ሳለ በሜርኩሪ መጠናቸው በእጅጉ ይለያያሉ። ልዩነቱን የፈጠረው ማዕዳቸው ነው። እነዚያን ጣት የሚያክሉ ዓሦች መብላት የጀመሩት ባርበሶች በምግብ ሰንሰለቱ ከፍ ብለዋል፤ ሜርኩሪውም አብሮ ከፍ ብሏል።

ሜርኩሪ ከበላተኛ ወደ በላተኛ ሲሸጋገር እየተጠራቀመ የሚሄድ ነገር ነው። ዶልፊኖች በብዛት የሚሸከሙትም ለዚህ ነው። በጃፓን ሚናማታ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜርኩሪ መመረዝ የመጣው በሽታ በይፋ ከመታወቁ በፊት ምልክቱን ያሳዩት ድመቶች ነበሩ። የሰፈሩን ዓሣ ይበሉ ስለነበር እየተንቀጠቀጡ ይወድቁ ነበር። የሐዋሳን ከሚናማታ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ የዚያኛው ምንጭ ፋብሪካ ያፈሰሰው መርዝ ነው። እንስሳት ከእኛ ጋር አንድ ማዕድ ከቆረሱ ግን የእነሱ ሰውነት ስለእኛም ይናገራል።

ይህን ያነበበ ሰው ዓሣ ፈርቶ እንዲተው አልፈልግም። ቆሮሶ በሰንሰለቱ ታች ስላለ ሜርኩሪው አነስተኛ ነው። ጥንቃቄው ለትልልቁ ባርበስ ነው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት። ሜርኩሪው የተጣበቀው ሥጋው ላይ ስለሆነ በሎሚ ማጠብም፣ መጥበስም አያስለቅቀውም። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ዕውቀት ዓሣ ገበያው ድረስ ወርዶ አለመነገሩ ነው። ዓሣ የምታጸዳ ነፍሰ ጡር እናት ትልቁን ባርበስ ወደ ቤቷ ስትወስድ ማን ነገራት? እኔ የጠየቅኋቸው ሦስት ሰዎች አንዳቸውም አልሰሙም።

የሽማግሌው ክስ ደግሞ ገና መልስ አላገኘም። ቆሮሶ ለምን አነሰ? ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የመረቡ ዓይን ከዓመት ዓመት እየጠበበ መጥቷል። ገና ያልወለደ ዓሣ ይወጣል። ለወፎቹ ይህን ያህል ለመፍረድ ግን ወፎቹ ምን እንደሚበሉ ማየት ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ወፍ መግደል የለብንም። ኮርሞራንት የሚባለው፣ ጥቁር ክንፉን ዘርግቶ ዛፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ወፍ የማይፈጨውን ጠቅልሎ መልሶ ይተፋዋል። የሚያድርበት ዛፍ ሥር የሚወድቀው እንክብል ውስጥ የዓሣ አጥንት አለ፤ የጆሮ ድንጋይም አለ።

ይህን በማግስቱ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። በወረቀት የጠቀለልኳቸውን የቆሮሶ ድንጋዮችም አሳየኋቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ፀሐይ አዞሯቸው።

"የአምባዛው እንዲህ ነው?" አሉኝ።

"አይ አባቴ፣ ይለያል።"

"የትናንሾቹስ? እነዚያ የማንሸጣቸው?"

"የእነሱም ይለያል።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ከዳርቻው ወጣ ብሎ ወፎቹ የሚያድሩበትን፣ በኩሳቸው የነጣውን ዛፍ አሳዩኝ። "ሥሩ ጭቃ ነው" አሉ። "ቦቲ ጫማ አድርገህ ና።"